ፀሐይ በስፒና

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ግን ጉዱ መስከረምን የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ በካርቶን ታሽጎ በራፋችን ላይ ይወረወራል። የዘንድሮዋ ደግሞ ፀሐይ ናት። ልጄ በስልኳ አዝዛ ያስመጣቻት፣ በስፒና የምትሰካ፣ በሰንሰለት የምትንጠለጠል ፀሐይ። ፀሐይን ማውጣትና ማጥለቅ የፈጣሪ ሥራ ነው ተብሎ ላደገ ሰው በስተርጅና ይህን ማየት ምን ይባላል?

ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ መደርደሪያ ቆመ። መደርደሪያው ላይ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ሁለት ቃሪያ፣ ለጠላ ሳይሆን ለወግ የተተከለች አንዲት ጌሾ። ከላያቸው ሦስት ረጃጅም የኤልኢዲ መብራቶች። ቀይና ሰማያዊው ተቀላቅሎ ሐምራዊ ስለሚሆን ማታ ማታ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ወደ መስኮታችን አንገቱን ያሰግጋል። ምን እንደሚጠረጥር አላጣሁትም። እርግጥ በቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ወዲህ አንድ ቤት እስከ አራት የካናቢስ ተክል ማብቀል ይችላል፤ ፖሊስ አይመጣብንም። ግን ሲጋራ እንኳ አጭሼ የማላውቅ ሰውዬ፣ በበሶብላ ጦስ የሐሺሽ ገበሬ መስዬ ልታይ?

«አባዬ፣ ብርዱ ይገድለዋል እኮ» አለችኝ ልጄ። እሱስ እውነቷን ነው። በሶብላ ውርጭ ከነካው አድሮ ጠቁሮ ነው የሚገኘው። ብርሃኑም አይበቃውም። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ የዋሽንግተን አካባቢ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ቀን አጠረ በተባለበት ሰሞን እንኳ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አይወርድም። ስለዚህ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት መብራት ይሰጠው፣ በቀረው ሰዓት ደግሞ ይጨልምለት፣ ተክልም እንቅልፍ አለው ተባለ። ይሁን። ማን ያብራ? ማን ያጥፋ? ልጄ ጧት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። አማቼ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል። የልጅ ልጆቼ የገዛ ክፍላቸውን መብራት አጥፍተው አያውቁም። «አንተ አትልፋ፣ ታይመር ገዝቼበታለሁ» አለችና ልጄ ነገሩን ዘጋችው።

የእኔ እሮሮ እዚህ ላይ ይጀምራል። መብራቶቹ ሲገዙ ቤቱ ሁሉ ፓርላማ ሆኖ ነበር፤ ርዝመታቸው፣ ቀለማቸው፣ ገዢዎች የሰጧቸው ኮከብ ሳይቀር ተመረመረ። ታይመሩ ግን ገንዘብ መክፈያው ጋ፣ ከማስቲካና ከባትሪ መሐል ብድግ ተደርጎ መጣ። በየቀኑ 16 ሰዓት ሙሉ፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ነቃም ተኛም፣ ያ ሁሉ ኮረንቲ የሚያልፈው በማን ሆድ ውስጥ ነው? በዚያች የፕላስቲክ ሣጥን። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጀርባውን አንብቡ ስላቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ በጎልማስነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ፤ ከየሰዉ ግቢ ውሻ ጋር እየተፋጠጥኩ ቁጥር ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ የገባ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሳይገለበጥ አይሰካም። ይህንንም ገለበጥኩት። ፊደሉ የደቀቀው እንዳይነበብ ታስቦ ሳይሆን አይቀርም፤ መነጽር በመነጽር ደርቤ ሳየው ሦስት ቁጥር አገኘሁ። አንዱ 15 አምፔር፣ 1,875 ዋት ይላል። ሁለተኛው 1,000 ዋት። ሦስተኛው ግማሽ የፈረስ ጉልበት። ሰው ትልቁን ቁጥር ያይና ደስ ብሎት ይሰካል። ትልቁ ቁጥር ግን እንደ ማሞቂያና እንደ ካውያ ኮረንቲን በጨዋ ደንብ ለሚቀበሉ ዕቃዎች ነው። 1,000 ዋቱ ለድሮው ባለ ክር አምፖል ነው። የፈረስ ጉልበቱ ለሞተር። ስለ ኤልኢዲስ? ጭጭ። አንዳንዱ አምራች ለብቻው ይጽፈዋል፣ ሲጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ያልጻፈው ደግሞ ዝም ብሏል፤ ዝምታውን እንደ ፈቃድ የሚቆጥረው ገዢው ነው።

ኤልኢዲ ሲያዩት ትሑት ነው። 40 ዋት ነኝ፣ 60 ዋት ነኝ ይላል። ነገር ግን ኮረንቲውን የሚያስተካክልለት ድራይቨር የሚሉት ክፍል አለው፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች መብራቱ ጠፍቶ ሲቆይ ባዷቸውን ይቀራሉ። ታይመሩ ሲያበራ እነሱን ለመሙላት፣ ዓይን ለመጥቀስ እንኳ በማትበቃ ቅጽበት፣ ከተጻፈው ዋት ብዙ እጥፍ የሆነ ኮረንቲ ይጎተታል። ሦስት መብራት በአንድ ታይመር ላይ ከተሰካ ሦስቱም እኩል ይጎትታሉ። ያን ጊዜ ታይመሩ ውስጥ በሚገናኙት ሁለት ትናንሽ ብረቶች መሐል እሳት ብልጭ ይላል። ዛሬ ብልጭ፣ ነገም ብልጭ፣ አንድ ቀን ብረቶቹ ተበይደው ይቀራሉ።

የኛም ተበየደ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ቤዝመንት ወርጄ ካልሲ ሳጣምር ታይመሩ «ቀጭ» አለ፤ መብራቱ ግን ከነሐምራዊነቱ እንደበራ ነው። «ኧረ ይህ ነገር አልጠፋም!» ብዬ ብጮህ፣ የልጅ ልጄ ፎቅ ላይ ሆኖ «ጠፍቷል አባባ፣ ሲጠፋ ሰምቼዋለሁ» አለኝ። ሰምቶት! እዚህ ቆሜ በዓይኔ እያየሁት፣ እሱ እዚያ ተኝቶ በጆሮው ይከራከረኛል። በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ ግሏል። መብራቶቹን ከሱ ላይ ነቅዬ እሱን ከሶኬቱ አወጣሁት፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ጣቴ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ካቻቢቴ ይዤ ፈታሁት። የሞተ ነው፣ ማን ይከሰኛል? ሁለቱ ብረቶች ጫፋቸው ጠቁሮ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፈዋል። በጥፍሬ ብፈለቅቃቸው እምቢ አሉ። በካቻቢቴው ጫፍ ሳላቅቃቸው የአንዱ ብር መሳይ ሽፋን ተገሽልጦ ከሌላው ጋር መጣ። ዙሪያቸው ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ እብጥ ብሏል። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። «ውይ» አለች፤ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችውና ለጓደኞቿ ላከችው። ከዚህ በላይ እርምጃ አልተወሰደም። ባለቤቴ ደግሞ የተፈታውን ቅርፊት ለአዝራር ማስቀመጫ ወሰደችው።

መብራት በራ፣ አልጠፋ፣ ምን አለበት የሚል አለ። እሳቱን እንኳ ብንተወው፣ ተክሉ ራሱ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ይህ የታወቀው ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። አርሊንግተን ውስጥ፣ ዛሬ ፔንታጎን ከተገተረበት አጠገብ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሙከራ እርሻ ነበረው። እዚያ ሜሪላንድ ማሞዝ የሚባል ትምባሆ በበጋው ሽቅብ እየተመዘዘ አላብብም ይላል፤ በብርዱ ወራት ግን መስታወት ቤት ውስጥ ያብባል። ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1918 በጋ ትምባሆውንና አኩሪ አተር ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ቤት እያስገቡ፣ ጧት እያወጡ ቀኑን ቢያሳጥሩለት አበበ። በ1920 ጽፈው አወጡት፤ ተክል የቀንና የሌሊቱን ርዝመት ይለያል አሉ። ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች ታይመር አልነበራቸውም። ራሳቸው እየተመላለሱ ነው ያስገቡት፣ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። የዛሬ ልጅ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ መጫን ከበደኝ ይላል።

ሌላው ጉድ የመብራቱ ካርቶን ላይ ያለው ውሸት ነው። በትልቁ «1000» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በደቃቁ፣ የሚስበው 100 ዋት ነው ይላል። 1000 የተባለው ከድሮው ዓይነት መብራት ጋር ሲተያይ ነው አሉኝ፤ አንዳንዱ ላይማ የዕቃው ስም ነው። ስም! እኔ ሚሊዮን የሚባሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም ሚሊየነር አይደሉም። እንግዲህ ታይመር ለመምረጥ እውነተኛውን ዋት ማወቅ ግድ ስለሆነ፣ ሶኬት ላይ ተሰክታ የሚያልፈውን ኮረንቲ የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ገዛሁ። ካልደበቅሁ፣ ቆጣሪ ማንበብም ናፍቆኝ ነበር። ውሻ የሌለበት ቆጣሪ ንባብ መጀመሪያዬ ነው።

አዲሱን ታይመር እኔ ራሴ መረጥኩ። ለኤልኢዲ ስንት እንደሚችል በግልጽ የተጻፈበት፣ ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ የዩኤል ምልክት ያለበት። ኢቲኤል የሚልም ይሆናል። ዩኤል እንዲሁ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፤ በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ያ ሁሉ አዲስ የኤሌክትሪክ አምፖል እሳት እንዳያስነሣ መድን ሰጪዎች ፈርተው ዊልያም ሜሪል የሚባል መሐንዲስ ላኩ፤ እሱ ነው በ1894 የፍተሻ ሥራውን የጀመረው። ቀዳዳው ሦስት ይሁን ያልኩበትም ምክንያት አለኝ። የመብራቱ ስፒና ባለ ሦስት እግር ሆኖ ባለ ሁለት ቀዳዳ ታይመር ላይ አልገባ ሲል የኧርዙን እግር በፒንሳ የሚቆርጡ ጀግኖች አይቻለሁ። ያ መብራት አካሉ ብረት ነው፤ ከሥሩ ደግሞ እጇ የራሰ ሴት ውኃ ታጠጣለች። ኧርዙን የሚቆርጥ ሰው ምን እየቆረጠ እንደሆነ ቢያውቅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህኛው ታይመር ዙሪያውን ጥርስ የተደረደረበት ነው። እያንዳንዱ ጥርስ 15 ደቂቃ ስለሆነ 96 ጥርስ አለው፤ ከእኔ ይሻላል። ሆኖም እሱም የራሱ አመል አለው። ልቡ በመብራት የምትዞር ትንሽ ሞተር ናት፤ መብራት ሲሄድ ትቆማለች፣ ሲመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መብራት እዚህ አገር አይሄድም እንዳትሉኝ፤ በኛ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። የሚወስደው ምጣዱ ነው።

የአሜሪካ የቤት ኮረንቲ 120 ቮልት ነው፤ የተለመደው የክፍል መስመር ደግሞ 15 አምፔር። ሲባዛ 1,800 ዋት ይመጣል። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ለሚሠራ ነገር ከዚህ ውስጥ ከመቶ ሰማንያው ብቻ ይያዝ ይባላል፤ 1,440 ዋት መሆኑ ነው። የበሶብላው መብራት ብቻውን ከዚህ አጠገብም አይደርስም። ግን እንጀራው ሳሎኑን እንዳያሸትተው ተብሎ የሚጋገረው ቤዝመንት ነው፤ ምጣዱ 1,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ የኛ ቤት ጋገራ ደግሞ ከተጀመረ ሦስት ሰዓት አይበቃውም። እንግዲህ ምጣዱ ለብቻው ልኩን አልፏል ማለት ነው። በላዩ ላይ ፀሐይዋ፣ በላዩ ላይ ለፋሲካ ሥጋ የሚያቆይልን ፍሪዘር። ፍሪዘሩ ሲነሣ ብሬከሩ፣ እኛ ባልቦላ የምንለው፣ ዱብ ይላል። ቤቱ በጨለማ ይንጫጫል። መብራቱ እስኪመለስ በታይመሩ ቤት ጊዜ ቆሟል፤ የበሶብላው ንጋት በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ እየዘገየ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ ተክሉ ጧት የሚነሣው ከአማቼ ጋር ሆኖ አረፈው። ዲጂታሉ ባትሪ ስላለው ሰዓቱን አይረሳም ይሉኛል። እውነት ነው። ምጣዱ ግን ከዚያ መስመር ላይ ይነሣ ስል የሚሰማኝ የለም።

በነገራችን ላይ ባልቦላ ሲወርድ የሚናደድ ሰው አይገባኝም። ሥራውን ሠራ እኮ። እኔን የሚያስፈራኝ ባልቦላው የማያየው ነው። ሶኬቱ አርጅቶ ላልቶ፣ ታይመሩ ከነክብደቱ ወደ ፊት ሲዘም፣ መገናኛው ላይ ኮረንቲው ከልኩ ሳያልፍ እንዲሁ ቦታዋ ብቻ ትግላለች። ተራ ብሬከር ይህን አያውቅም፣ ደህና ነው ብሎ ተኝቷል። የሚያውቀው እጅ ነው፣ አፍንጫ ነው፣ ጆሮ ነው፤ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ጢዝ ይላል። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ደክሟል። አፍንጫዬን ነው የተማመንኩት፣ እሱንም ቅዳሜ ቀን የእንጀራው ሽታ ያታልለዋል። ሶኬቱ ይቀየር ብዬ አመለከትኩ። «እሺ አባባ፣ ሰው እንጠራለን» አለኝ አማቼ፤ ልጁ ሰው አክባሪ ነው፣ እስካሁን እሺ ይላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የድሮ ወዳጄ ደግሞ ዲጂታሉን ገዛ። እሱ እዚህ አገር ስንት ዘመን ኖሮ አሁንም በሐበሻ ሰዓት ነው የሚያስበው። ጧት 12 ሰዓት ይብራ፣ ማታ 4 ሰዓት ይጥፋ ብሎ አሰበ፤ አሳቡ ፍጹም ትክክል ነው። ጧት ኤኤም ነው ብሎ 12፡00 ኤኤም ሞላ፤ ማታ ፒኤም ነው ብሎ 4፡00 ፒኤም ሞላ። ያ ማለት እኩለ ሌሊት ላይ በርቶ ከቀኑ በ10 ሰዓት ይጠፋል። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ሳሎኑ ውስጥ ተኝተው ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ቤቱ በሐምራዊ ብርሃን ተጥለቀለቀ። እናትዬው ተነሥተው አማተቡ፣ ጸሎት ጀመሩ፤ እስኪነጋ አላቆሙም። በሶብላው ምን ሆነ? ምንም። 16 ሰዓቱን አግኝቷል፣ ከየትኛውም ሰዓት ቢጀምር ግድ የለውም፤ እንዲያውም አማረበት። በዚያ ቤት የተጎዳ ተክል የለም፣ የተጎዳው ሰው ብቻ ነው። እዚያው ታይመር ላይ ራንደም የምትል ቁልፍ አለች፤ ባለቤቶቹ ሲርቁ ሌባን ለማታለል መብራቱን እንዳሻት የምታበራና የምታጠፋ። የተነካች ዕለት ተክሉም እናትዬውም አይተርፉም።

ወደ ውኃው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ባለቤቴ በጣሳ ካላጠጣች ያጠጣች አይመስላትም። በጣሳ ደግሞ የምታጠጣው እንደ ጓሮ ነው፣ ከፍ አድርጋ። ውኃው በሳህኑ ሞልቶ፣ በመደርደሪያው ጠርዝ ወርዶ፣ ወለሉ ላይ የተጋደመው ዲቫይደር ጋ ይደርሳል። ያ ዲቫይደር ሌላ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል፤ ያኛው ታይመሩ ላይ። ይህን ማን ሠራው ብል ማንም አልሠራውም፤ እንዲሁ በቅሏል። ነቅዬ ጣልኩት። አሁን ታይመሩ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው፣ ከእሱ አንድ ዲቫይደር ብቻ፣ እሱም በብሎን ከውኃው በላይ ግድግዳ ላይ ተመትቷል። ገመዶቹንም ወደ ዲቫይደሩ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች አርግቤ፣ መልሼ ሽቅብ አወጣኋቸው፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውኃ ዝቅ ካለችው ሆዱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ ወጥቶ ስፒናው ውስጥ አይገባም። «አባዬ፣ ይሄ ገመድ ለምን ተዝረከረከ?» ብላ ልጄ በጌጠኛ ማሰሪያ ወደ ላይ ሸክፋ አሰረችው። ፈታሁት። አሰረችው። ፈታሁት። አሁን በዚህ ጉዳይ ላይ አንነጋገርም።

ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ ቁም ነገር የሚያውቀው ጂኤፍሲአይ የሚባለው ሶኬት ነው፤ ቴስትና ሪሴት የሚሉ ሁለት ቁልፎች ያሉት። የሄደውን ኮረንቲና የተመለሰውን ያመዛዝናል፤ አምስት ሚሊአምፔር ያህል ከጎደለ፣ በውኃ ወይም በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት እየሄደ ነው ብሎ ወዲያው ይቆርጠዋል። አምስት ሚሊአምፔር ማለት የአንድ አምፔር አንድ ሁለት መቶኛ ነው። ባልቦላው 15 አምፔር እስኪያልፍ ሲጠብቅ እኛ ለቀስተኛ ጠርተን እንጨርስ ነበር። ታይመሩ እዚህ ላይ ነው መሰካት ያለበት፤ በወር አንድ ጊዜም ቴስቷን መጫን ነው። እኔ ስጫን መብራቱ ይጠፋል፤ ከፎቅ «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ!» ይባላል። ደኅንነት እየፈተሽኩ ነው ብል ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ተብዬ ተተረተብኝ።

አንድ ዘመዳችን ደግሞ ይህንኑ ባለ ጥርስ ታይመር በሻንጣ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ኮንዶሚኒየሙ ፀሐይ በማያገኝበት በኩል ስለሆነ ሰገነቱ ላይ ጎመን ሊያበቅል። እዚያ ኮረንቲው 220 ቮልት ነው፣ በቀጥታ ቢሰካው ጭሱን ነበር የሚያየው፤ እሱ ግን ብልህ ነው፣ ትራንስፎርመር ገዛ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ድግግሞሹን ግን አይነካውም። የዚህ አገር ኮረንቲ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የአገር ቤቱ 50። የታይመሩ ሞተር የምትቆጥረው ያንን ምልልስ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የእሷ አንድ ቀን ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ዘመዳችን ስልክ ደውሎ «የአሜሪካ ዕቃ አንደኛ ነው ትሉ ነበር፣ ይኸው ሰነፍ ነው» አለኝ። ያ ሁሉ ፀሐይ ባለበት አገር! ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

በማርች ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲገፋ፣ በኖቬምበር ወደ ኋላ ሲጎተት፣ ቤቱ ሁሉ ታይመሩን ካላስተካከልን ብሎ ይሯሯጣል። ተዉት ነው የምለው። በሶብላ ኮንግረስን አያውቅም፤ ቀኑን እየቆራረጡ ማወዛገብ ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ፣ ዕቃው ሁሉ በየቦታው ከተቀመጠ በኋላ፣ ልጄ ባለፈው ሰሞን ደግሞ አዲስ ካርቶን ይዛ መጣች። ስማርት ሶኬት ነው። ጥርስም ቁልፍም የለውም፤ በስልክ ነው የሚታዘዘው። ቢሮዋ ተቀምጣ እዚህ ፀሐይ ታጠልቃለች። ዋይፋዩ ቢጠፋስ? «ሰዓቱን ያስታውሳል።» ስልክሽ ቢጠፋስ? «አባዬ ሙች፣ አትጨቅጭቀኝ።» ጀርባው ስንት አምፔር ይላል? ዝም። ካርቶኑን ተቀብዬ ገለበጥኩት፤ 10 ይላል፣ ስለ ኤልኢዲ ደግሞ አንድም ቃል የለም። መነጽሬን አውልቄ ማብራራት ልጀምር ስል ባለቤቴ ከደረጃው ራስ ተጣራች፦

«ሊጡ ደርሷል፣ ምጣዱን ልሰካ ነው! ያንን መብራትህን አጥፋልኝ!»

መብራትህን! መቼ ነው ደግሞ የኔ የሆነው?